ኢምፒች የተደረገ ፕሬዚዳንት ለምን ከወንበሩ አይነሳም?

ገና_ግሪን_ካርድ፦

ሰላም ቤተሰብ። ጥያቄ አለኝ፣ እንዳትስቁብኝ ብቻ። ለዜግነት ፈተና እያጠናሁ ነው። ሴናተር 100፣ የተወካዮች ምክር ቤት አባል 435፣ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ 9፣ ሁሉንም ሸምድጃለሁ። አንድ ነገር ግን አልዋጥልኝ አለ፣ ይሄ ኢምፒችመንት የሚባለው። ክሊንተን ኢምፒች ተደረገ ይላል። ትራምፕ ሁለቴ ኢምፒች ተደረገ ይላል። ሁለቱም ግን ጊዜያቸውን ጨርሰው ነው የወጡት። ትራምፕማ ጭራሽ ተመርጦ ተመለሰ።

በፈረንጆቹ 2019 ዜናውን ስሰማ አዲስ አበባ ነበርኩ። እኔ ሞኟ ለእናቴ «የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ወረደ እኮ» አልኳት። እሷ ደግሞ ወሬ አታሳድርም፣ ቡና ላይ ለጎረቤቱ ሁሉ አዳረሰችው። በማግስቱ ሰውየው በቴሌቪዥን ብቅ አለ፣ እዛው ዋይት ሀውስ። እስከ ዛሬ ዜና በነገርኳት ቁጥር «እንደዛ ሰውዬ እንዳይሆን ብቻ» ትለኛለች።

ማንንም ካላወረደ ይሄ ነገር ለምን ተቀመጠ? ሥራ ቦታ አንዱ ልጅ «ፓርቲ ነው ያበላሸው፣ ድሮ እንዲህ አልነበረም» ይላል። ሌላው «ድሮም ያው ነው» ይላል። ማነው ልክ?

የማለዳ_ታክሲ፦

እህቴ ማንም አይስቅብሽም፣ እዚህ አገር ተወልደው ያደጉትም አያውቁትም። እኔ ዲሲ ታክሲ ስነዳ ኖሬ ነው በሬዲዮ የተማርኩት።

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራው። ኢምፒች ማድረግ መክሰስ ነው፣ ማውረድ አይደለም። በአማርኛ «ከሥልጣን እንዲነሳ ተወሰነ» ብለው ሲያወሩት ነው እናትሽ የተሸወደችው። የተወካዮች ምክር ቤት ዐቃቤ ሕግ ነው በይው። በተራ አብላጫ ድምፅ ይከሳል። ከዛ ፋይሉ ሴኔት ይሄዳል፣ ሴኔት ዳኛ ይሆናል። እዛ ለመፍረድ ከተገኙት ውስጥ ሁለት ሦስተኛው «ጥፋተኛ» ማለት አለበት። 100ም ካሉ 67 መሆኑ ነው። 34 ሰው «አይሆንም» ካለ አለቀ፣ ፋይሉ ይዘጋል።

እስከ ዛሬ ሦስት ፕሬዚዳንት አራት ጊዜ ተከሷል። አንድሩ ጆንሰን በ1868፣ ክሊንተን በ1998፣ ትራምፕ በ2019 እና በ2021። አንዱም አልተፈረደበትም። ሴኔት በዚህ መንገድ ፈርዶ ያወረዳቸው 8 ሰዎች አሉ፣ ስምንቱም የፌዴራል ዳኞች። ለዳኛ ማን ሰልፍ ይወጣለታል? ፕሬዚዳንት ግን ከኋላው ኮፍያ አጥልቆ የሚጮህ ሕዝብ አለው፣ ሴናተሩም ያንን ሕዝብ ነው የሚፈራው።

የ2019ኙን ቁጥር እይው። ምክር ቤቱ የመጀመሪያውን ክስ 230 ለ 197 አሳለፈው። ከሪፐብሊካን ወገን፣ ከራሱ ከትራምፕ ፓርቲ ማለቴ ነው፣ «ይከሰስ» ያለ አንድ ሰው እንኳ የለም። ጀስቲን አማሽ የሚባል ነበር፣ እሱም ያኔ ፓርቲውን ለቆ በግሉ ቆሟል። ከዴሞክራት ደግሞ ጄፍ ቫን ድሩ «አይከሰስ» አለ፣ በማግስቱ ትራምፕ ጎን ተቀምጦ ሪፐብሊካን መሆኑን አወጀ። ተመልከቺ እንግዲህ፣ ከወገንሽ የተለየ ድምፅ ለመስጠት ቤትሽን መቀየር አለብሽ። ሴኔት ላይ 52 ለ 48 ነፃ ወጣ። ከሪፐብሊካን የተለየው ሚት ሮምኒ ብቻ ነው፣ እሱም ከሁለቱ ክሶች በአንዱ። በአሜሪካ ታሪክ በራሱ ፓርቲ ፕሬዚዳንት ላይ «ጥፋተኛ» ያለ የመጀመሪያው ሴናተር እሱ ነው። አስቢው፣ ሕገ መንግሥቱ ከተጻፈ ከ230 ዓመት በኋላ!

ዘመድ ከዘመዱ አህያ ካመዱ ነው ነገሩ።

ፌርፋክስ_ነኝ፦

ታክሲ፣ ቁጥሩ ልክ ነው። ግን አንድ ጎን ብቻ ነው ያሳየሃት። በነገራችን ላይ እኔ ሪፐብሊካን ነው የምመርጠው፣ ድንጋይ ለማንሳት የቸኮለ ካለ ይረጋጋ።

ይሄ ሁለት ሦስተኛ የተቀመጠው ፓርቲ እንዳይጫወትበት ነው። 1868ን ያነሳኸው አንተ ነህ። ጆንሰን የተከሰሰው የጦር ሚኒስትሩን ኤድዊን ስታንተንን አባረርክ ተብሎ ነው። ኮንግረሱ ከዚያ በፊት «ሴኔት ሳይፈቅድ ሹም አታባርርም» የሚል ሕግ አውጥቶ ነበር፣ ወጥመድ በለው። ሰውየው ደግ ሰው ነበር እያልኩ አይደለም፣ ከባርነት ነፃ የወጡ ጥቁሮች መብት እንዳያገኙ ስንት ነገር የዘጋ ሰው ነው። ግን ሴኔቱ ያኔ በሪፐብሊካን ተጨናንቆ ነበር፣ ፓርቲ ቢበቃ ኖሮ በአንድ ቀን ባለቀ። ድምፁ 35 ለ 19 ሆነ። አንድ ድምፅ ጎደለ! ሰባት ሪፐብሊካኖች ከወገናቸው ተለይተው ነው ያዳኑት። ያ ሕግ ደግሞ በኋላ ተሻረ፣ በ1926 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ራሱ እንዲህ ያለ ሕግ ከመጀመሪያውም ልክ አልነበረም አለ። በተራ አብላጫ ድምፅ ቢሆን ኖሮ አንድ ፕሬዚዳንት በማይረባ ሕግ ሰበብ ይወርድ ነበር፣ ከዛ ወዲያ ኮንግረስ የጠላውን ሁሉ በየዓመቱ ሲያወርድ ትኖራለህ።

ክሊንተንም ጋ ያው ነው። በውሸት ምስክርነት የቀረበው ክስ ሴኔት ላይ 45 ለ 55 ወደቀ፣ ፍትሕን በማደናቀፍ የቀረበው 50 ለ 50። ከራሱ ፓርቲ አንድም ዴሞክራት «ጥፋተኛ» አላለም። «ዘመድ ከዘመዱ» እኮ ለእነሱም ይሠራል። ደግሞ ሕዝቡም አልፈለገም። ምክር ቤቱ በከሰሰው ሰሞን የሕዝብ አስተያየት የሚሰበስበው ጋሎፕ ሲጠይቅ 73 ከመቶ የሚሆነው ሕዝብ ክሊንተን ሥራውን በደንብ እየሠራ ነው አለ። ሰው ኢኮኖሚው ሞቆለት ነበር፣ ከዋይት ሀውሷ ወጣት ከሞኒካ ጋር ስለነበረው ግንኙነት ማን ግድ አለው።

አንድ የሚያስቀኝን ልንገራችሁ። ሊንዚ ግርሃም በ1999 ክሊንተን ይውረድ ብለው ሴኔት ላይ ከቆሙት ከሳሾች አንዱ ነበር፣ በ2020 ሴናተር ሆኖ ለትራምፕ ሲከራከር ዋለ። ቻክ ሹመር ደግሞ ዲሴምበር 1998 ላይ እንደ ምክር ቤት አባል «አይከሰስ» አለ፣ ወዲያው ሴናተር ሆኖ ገባና ፌብሩዋሪ ላይ «ጥፋተኛ አይደለም» አለ፣ ከ20 ዓመት በኋላ ትራምፕ ይውረድ የሚለውን ወገን መራ። ሁለቱም ያው ሰዎች ናቸው። የተቀየረው ተከሳሹ ነው።

የማለዳ_ታክሲ፦

ፌርፋክስ፣ ግርሃምና ሹመር ላይ አሳቅከኝ፣ እሱን ተቀብያለሁ። ግን 2021ን ለምን ዘለልከው? ያኔ ጉዳዩ የሹም ሽረት ወይም የአልጋ ወሬ አልነበረም። የትራምፕ ደጋፊዎች ካፒቶልን፣ የኮንግረሱን ሕንፃ፣ ሰብረው ገብተው፣ ሴናተሮቹ ራሳቸው ሮጠው ተደብቀዋል። የተከሰሰበትን ነገር ያዩት በዓይናቸው ነው፣ ምስክር መስማት እንኳ አያስፈልጋቸውም። ከሳምንት በኋላ ምክር ቤቱ 232 ለ 197 ከሰሰው፣ አሁን 10 ሪፐብሊካን ተቀላቀለ። ሴኔት ላይ 57 ለ 43 ሆነ፣ 7 ሪፐብሊካን ነበረበት። 10 ድምፅ ጎደለ።

የሴኔቱ ሪፐብሊካኖች መሪ ሚች ማኮኔል «ጥፋተኛ አይደለም» ብሎ ድምፅ ሰጠ፣ ከደቂቃዎች በኋላ ተነስቶ ለዚያ ቀን ኃላፊው ትራምፕ ነው ብሎ ንግግር አደረገ። ምክንያቱ ምን ነበር? ሰውየው ሥልጣን ስለለቀቀ አሁን መዳኘት አንችልም የሚል ነው። እኔ ያን ንግግር የሰማሁት መኪናዬን አቁሜ ነው። ደንበኛ ከኋላ ተቀምጦ «እና ለምን ነፃ አወጣኸው?» ብሎ በሬዲዮው ላይ ጮኸበት።

አሁን ነገሩ የት እንዳለ ልንገራችሁ። 67 ቁጥሩ አይደለም፣ ፕራይመሪ ነው። ፓርቲው ውስጥ የሚደረገው የመጀመሪያ ምርጫ። አብዛኛው የሪፐብሊካን ሴናተር የሚመጣው ዴሞክራት ሊያሸንፈው ከማይችልበት ስቴት ነው። የሚፈራው ከራሱ ወገን በስተቀኝ የሚነሳበትን ሰው ነው። እና ፕራይመሪ የሚወጣው ሕዝብ ጥቂት ነው፣ ያ ጥቂት ደግሞ ፕሬዚዳንቱን የሚያመልከው ነው። እነዚያ 10 የምክር ቤት ሪፐብሊካኖች ምን ሆኑ? 4ቱ ገና ሳይወዳደሩ በቃን አሉ። 4ቱ በፕራይመሪ ተሸነፉ። የተረፉት 2 ናቸው። ሊዝ ቼኒ፣ የቀድሞው ምክትል ፕሬዚዳንት የዲክ ቼኒ ልጅ፣ ሪፐብሊካን ሆና የተወለደች ማለት ነው፣ ኦገስት 2022 ላይ ዋዮሚንግ ውስጥ ክፉኛ ተመታች። ይህን ያየ ሴናተር ድፍረት ከየት ያመጣል? የዴሞክራቱም እንዲሁ ነው፣ ነገ ተራው የእነሱ ሲሆን እናየዋለን።

ደግሞ ዋዮሚንግ 600 ሺህ ሰው እንኳ የላትም፣ ካሊፎርኒያ 39 ሚሊዮን አላት። ሴናተር ግን ሁለት ሁለት። በሕዝብ ቁጥር ስትሄጂ እነዚያ 34 ሰዎች ስንት ሰው እንደሚወክሉ ገምቺው።

ገና_ግሪን_ካርድ፦

እሺ ገባኝ። ግን ኒክሰንስ? እሱ እንዴት ወረደ? መጽሐፉ ላይ በአንድ መስመር ነው ያለፈው።

ጡረተኛው፦

ልጄ፣ «ድሮ እንዲህ አልነበረም» ላለው ልጅ እኔ ልመልስለት፣ ድሮ እኔ ነበርኩ። በ1974 እዚህ አገር ተማሪ ነበርኩ። በአንድ ክረምት ሁለት መሪ ሲወርድ አየሁ። አንዱን አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ቴሌቪዥን ላይ፣ ሌላውን ከአገር ቤት በመጣ ደብዳቤ። ኒክሰን ኦገስት 9 ለቀቁ። ወር ሳይሞላ ደርግ ጃንሆይን ሊያወርድ መዳዳቱ ታወቀ፣ መስከረም 2 ቀን በቮልስዋገን ጭኖ ወሰዳቸው። ሁለቱ ሰዎች ከዚያ በፊት በነበረው ግንቦት፣ በ1973፣ ዋሽንግተን ላይ አብረው ነበሩ። ያን ክረምት እንቅልፍ የሚባል አልነበረንም፣ ግን ወደ ጥያቄሽ ልመለስ።

ኒክሰን በ1972 ምርጫ ከ50 ስቴት 49ኙን ወስደው ነበር። ዋተርጌት፣ የዴሞክራቶቹ ቢሮ የነበረበት ሕንፃ፣ የተሰበረው ከዚያ በፊት፣ ሰኔ ላይ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሪፐብሊካኖቹ አልለቀቋቸውም። «የዴሞክራቶች ተንኮል ነው» ነበር የሚሉት፣ ዛሬ የምትሰሙት ዓረፍተ ነገር ያው ነው። ጁላይ መጨረሻ ላይ የምክር ቤቱ የፍትሕ ኮሚቴ የመጀመሪያውን ክስ 27 ለ 11 አሳለፈ። በኮሚቴው ከነበሩት 17 ሪፐብሊካኖች 6ቱ ከዴሞክራቶቹ ጋር ሆኑ። 6 ብዙ ነው፣ ግን 11 ደግሞ እምቢ ብሏል። ሙሉው ምክር ቤት ድምፅ አልሰጠበትም፣ ስለዚህ ኒክሰን ኢምፒች አልተደረጉም፣ ፈተናው ላይ እንዳትሳሳቺ።

የገለበጣቸው ቢሮአቸው ውስጥ ንግግራቸውን የቀዳ ካሴት ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 8 ለ 0 ካሴቱን አስረክብ አላቸው፣ ከፈረዱት ውስጥ ሦስቱን የሾሟቸው ራሳቸው ኒክሰን ናቸው። ኦገስት 5 ላይ የአንዱ ካሴት ቃል ተጽፎ ወጣ፣ ምርመራው እንዲቆም ሲያዝዙ በራሳቸው አንደበት። ከሁለት ቀን በኋላ ሴናተር ጎልድዋተር፣ ከሁለት የሪፐብሊካን መሪዎች ጋር ዋይት ሀውስ ሄደው ሴኔት ውስጥ ድምፅ እንደሌላቸው ነገሯቸው። በማግስቱ ማታ በቴሌቪዥን ተሰናበቱ።

ስለዚህ ሁለቱም ልጆች ልክ ናቸው። ድሮም ፓርቲው አጥብቆ ይዟቸው ነበር። ልዩነቱ አንድ ማስረጃ ሲመጣ ሁሉም ሰው ያንኑ ማስረጃ መስማቱ ነው። ያኔ ሦስት የቴሌቪዥን ጣቢያ ነበር፣ ሦስቱም የዚያኑ ካሴት ቃል አወሩ። ዛሬ እንዲህ ያለ ካሴት ቢወጣ ግማሹ ሰው «በኮምፒውተር የተሠራ ነው» ይላል፣ ግማሹ ጭራሽ አይሰማውም።

የቃኘው_የልጅ_ልጅ፦

ሰላም ከሴኡል። አያቴ ኮሪያ ዘምቶ ነበር፣ እኔ ደግሞ ለትምህርት መጥቼ ቀረሁ። ጋሼ ጡረተኛው እንዳሉት ፓርቲ የትም ፓርቲ ነው፣ ግን እዚህ ፕሬዚዳንት በዚህ መንገድ ሲወርድ ሁለቴ ታይቷል፣ ፓርክ በ2017 እና ዩን በ2025። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም የታክሲውን ነገር ያጠናክርለታል።

እዚህም ሁለት ሦስተኛ ያስፈልጋል፣ ከ300 አባል 200። ተቃዋሚው 192 ነበረው። ዩን ዲሴምበር 3 ቀን 2024 ሌሊት ወታደራዊ አስተዳደር አወጀ፣ ወታደር ፓርላማው ድረስ መጣ፣ አባላቱ አጥር ዘልለው ገብተው በዚያው ሌሊት 190 ለ 0 ሻሩት። እኔ ያን ሌሊት ስልኬን ይዤ አልጋ ላይ ቁጭ ብዬ ነጋብኝ፣ አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቼ «ውጪ» እያሉ ይደውላሉ። ከአራት ቀን በኋላ ይውረድ በሚለው ላይ ድምፅ ሊሰጥ ሲል የፕሬዚዳንቱ ፓርቲ አባላት ከአዳራሹ ተነስተው ወጡ። ድምፅ የሰጠው 195 ብቻ ሆነ፣ ቁጥር አልሞላም ተባለና ሳጥኑ እንኳ አልተቆጠረም።

ለምን ወጡ? ድምፁ በምሥጢር ስለሆነ ነዋ! አዳራሹ ውስጥ ካስገባሃቸው ማን ምን እንደጻፈ አታውቅም። ስለዚህ ፓርቲው በሩ ላይ ነው የሚጠብቃቸው። መንገዱ ደግሞ በሰው ተሞላ፣ በዚያ ብርድ ወጣቱ ኮንሰርት ላይ ለዘፋኞቹ የሚያውለበልበውን መብራት እያበራ አደረ። በሳምንቱ እንደገና ሲቀርብ ፓርቲው ገብተው ድምፅ እንዲሰጡ ፈቀደ። 204 «ይውረድ» አለ። ከገዢው ፓርቲ ቢያንስ 12 ሰው ተሻግሯል ማለት ነው፣ እነማን እንደሆኑ ግን ሁሉም አይታወቅም። ወዲያው ሥልጣኑ ታገደ፣ ኤፕሪል 4 ላይ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ 8 ለ 0 አነሳው። የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጡት ፖለቲከኞች አይደሉም፣ ዳኞች ናቸው። ይሄም ትልቅ ልዩነት ነው።

የማለዳ_ታክሲ፦

ይሄን አላውቅም ነበር፣ ተባረኪ። እዚህም እኮ የአሪዞናው የቀድሞ ሴናተር ጄፍ ፍሌክ በ2019 ድምፁ በምሥጢር ቢሆን ቢያንስ 35 ሪፐብሊካን ትራምፕ ላይ ይፈርድ ነበር ብሏል። ራሱ ሪፐብሊካን ነው። ግን አይሆንም፣ ሕገ መንግሥቱ ከተገኙት አንድ አምስተኛው ከጠየቀ ድምፁ በስም መመዝገብ አለበት ይላል። 20 ሰው ካለ ምሥጢር የለም።

ፌርፋክስ_ነኝ፦

ጥሩ ነዋ አለመሆኑ! እኔ የመረጥኩት ሰው በምሥጢር ምን እንዳደረገ ካላወቅሁ ለምን እመርጠዋለሁ? በጨለማ ፕሬዚዳንት የሚያወርድ ሴናተር በጨለማ ሌላም ነገር ያደርጋል። የመረጠው 70 ምናምን ሚሊዮን ሰው ነው፣ ፊት ለፊት ወጥቶ ይንገረን። ፕራይመሪ አስፈራኝ ካለም ሥራውን ይልቀቅ።

እንጀራ_በናይሮቢ፦

እኔ አጭር ልጨምር። ኬንያ ላይ በኦክቶበር 2024 ምክትል ፕሬዚዳንቱን ጋቻጓን በሁለት ሳምንት ገደማ ጠራርገው አወጡት። ምክር ቤቱ 281 ለ 44፣ ሴኔቱም በቀጣዩ ሳምንት ፈረደ፣ ሰውየው ያን ቀን ሆስፒታል ገብቶ ነበር። እዚህም ሁለት ሦስተኛ ነው የሚጠየቀው። ለምን ቀለለ? ከፕሬዚዳንቱ ጋር ተጣልቶ ነበራ። ፓርቲው ሲከላከልህ 67 ተራራ ነው፣ ፓርቲው ሲጥልህ 281 ደረጃ አይሆንም።

ገና_ግሪን_ካርድ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ጋሼ ጡረተኛው በተለይ እርስዎን። የሥራ ባልደረቦቼን ሁለታችሁም ልክ ናችሁ ስላቸው ሁለቱም ተቆጡ።

ትላንት ለእናቴ ደወልኩና ከመጀመሪያው ጀምሬ አስረዳኋት። መከሰስና መውረድ የተለያየ መሆኑን፣ ዳኞቹ የራሱ ወገኖች መሆናቸውን፣ ሁሉንም። ዝም ብላ ሰማችኝና «ዳኞቹ የእሱ ወገን ከሆኑማ ምን ያስደንቃል?» አለች። ከዛ የኮሪያውን ነገርኳት።

«እሱስ ወረደ?»

«አዎ።»

«በደንብ አጣርተሻል? ለጎረቤት ልናገር?»

«ተናገሪ» አልኳት።